ለዓመታት የሚቆየውን የአውሮፓ ጎመን በስሙ ፈልጎ ማግኘትና ማባዛት እንዴት ይቻላል?

በአውሮፓ ሱፐርማርኬት የምናገኘው የተለመደው ኬል የሚባለው ቅጠላማ ጎመን የብርዱን ወራት አልፎ በጸደይ ያብባል። ካበበ በኋላ አለቀለት፤ እንደገና መዝራት ነው። ሌላ ዓይነት ግን አለ። አንዴ ከተተከለ አራት አምስት ዓመት ጓሮ ውስጥ ይቆማል። ሲያሻዎ ቅጠሉን ቀንጥሰው ወደ ድስት ነው። እንግሊዞች ፐሬኒያል ኬል ይሉታል።

ይህ ጎመን አልፎ አልፎ ካልሆነ አያብብም፤ ስለዚህ ዘሩ እምብዛም አይገኝም። ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚተላለፈው በቀንበጥ ነው። ቀንበጥ ደግሞ የሚገኘው ከሰው ጠይቆ ነው፤ ለመጠየቅ ስሙን ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የላቲን ስሙን ይያዙ። ብራሲካ ኦሌራሴያ የጥቅል ጎመንም የአበባ ጎመንም ስም ነው፤ ሁሉም የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው። የምንፈልገውን የሚለየው መጨረሻ ላይ የምትመጣው ራሞሳ የምትል ቃል ናት። ቅርንጫፋም ማለት ነው። ይህች ቃል በየትኛውም አገር የችግኝ መሸጫ ታግባባለች።

ቀጥሎ በሚኖሩበት አገር የሚጠራበትን ስም ይወቁ። ጀርመን ከሆኑ ኤቪገር ኮል ብለው ይጠይቁ፤ የዘላለም ጎመን ማለት ነው። ሽትራውኽኮል የሚሉም አሉ፤ ቁጥቋጦ ጎመን እንደማለት። ግሩንኮል ካሉ ግን የሚሰጥዎት ያው አንዴ አብቦ የሚያልቀው ኬል ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ሹ ፔርፔትዩኤል ወይም ሹ ቪቫስ ይባላል። በጣም የታወቀው ዓይነት ግን ሹ ዶባንቶን ነው። ስሙ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከሉዊ ዣን ማሪ ዶባንቶን የመጣ ነው ይባላል። ዝቅ ብሎ ወደ ጎን የሚሰፋ፣ ጣዕሙ ለስለስ ያለ ጎመን ነው። ሌላ ምርጫ ካጡ ይህን ይፈልጉ።

እኔ ከሁሉም የምወደው የሆላንድና የቤልጅየሙን ስም ነው። አንዱ ኤውኽ ሙስ ነው፤ ኤውኽ ዘላለማዊ ማለት ነው። ሌላው ስፕላይትኮል ነው፤ የሚሰነጠቅ ጎመን። ይህ ስም ተክሉን እንዴት እንደሚያባዙት ጭምር ይነግርዎታል፦ የጎኑን ቀንበጥ ከግንዱ ላይ ሰንጥቆ አውጥቶ መትከል ነው። ገበሬው ሥራውን በስሙ ውስጥ አስቀምጦታል።

እንግሊዝ ውስጥ ቶንተን ዲን የሚባል አለ። በምዕራብ እንግሊዝ ባለ አካባቢ ስም የተጠራ፣ ሰው የሚያህል ረጅም ጎመን ነው። ፖርቱጋሎች ደግሞ ኮቭ ጋሌጋ አላቸው። ግንዱ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ቅጠሉን ከታች እየቀነጠሱ በስሱ ከትፈው ካልዶ ቬርዴ የሚባለውን ሾርባ ይሠሩበታል። ይህኛው ብዙውን ጊዜ በዘር ስለሚባዛ ቀንበጥ ለማያገኝ ሰው ጥሩ አማራጭ ነው።

ስም ያሳስታል፤ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። እኔ አንድ ጊዜ ፐርፔቹዋል ስፒናች የሚል ዘር ገዝቼ ዘራሁ። ፐርፔቹዋል የምትለዋን ቃል አምኜ ነበር። የበቀለው ግን የቆስጣ ዘመድ ነው፤ ሙሉ የመትከያ ወቅት አለፈኝ። ሲ ኬል የሚባለውም ለዓመታት ይቆያል፤ ግን ሌላ ተክል ነው። አቢሲኒያን ማስታርድ ወይም ኢትዮፒያን ኬል የሚል ዘር ካዩ ደግሞ እሱ የኛው የአበሻ ጎመን ነው፣ ብራሲካ ካሪናታ። አገርዎ የናፈቀዎትን ጣዕም ከፈለጉ ይግዙት፤ ስሙ ቢቀራረብም ከዚህ ጎመን ጋር ግን አንድ አይደለም።

ቀንበጡ ሲገኝ፣ ሥር ያላወጣውን ይቀበሉ። ሥሩ ላይ የተጣበቀ አፈር ሥርን የሚያሳብጥ የጎመን በሽታ ሊያመጣ ይችላል። በሽታው አንዴ ከገባ ደግሞ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ከጸደይ እስከ በጋው መጨረሻ ባለው ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚሆን፣ አበባ ያልያዘ ቀንበጥ ይምረጡ። ከግንዱ ጥቂት ልጣጭ ይዞ እንዲወጣ ወደ ታች ሳብ አድርገው ይገንጥሉት።

የታችኛውን ቅጠል ሁሉ አንስተው ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ብቻ ይተዉ። ቅጠል ከበዛ ሥር የሌለው ቀንበጥ ውኃውን ጨርሶ ይጠወልጋል። ከዚያ ኮምፖስትና አሸዋ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ከግማሹ በላይ እስኪሸፈን ይትከሉት። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ያስቀምጡት፤ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ቀስ አድርገው ሳብ ያድርጉት። እምቢ ካለ ሥር ይዟል።

ወደ መሬት ሲያወጡት በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ሜትር ያህል ይተዉ፤ አሁን ትንሽ ቢመስልም ይሰፋል። ነፋስ እንዳይነቀንቀው አፈሩን በእግርዎ ረገጥ ረገጥ ያድርጉት። ርግብና ነጭ ቢራቢሮ የሚበዛበት ሰፈር ከሆነ መረብ ያልብሱት። ብርዱ ከባድ በሆነበት አገር ለመጠባበቂያ አንድ ቀንበጥ ማሰሮ ውስጥ ቤት ያሳድሩ።

ለመቀንጠስ አይቸኩሉ። ተክሉ ጉልበት እስኪያገኝ የመጀመሪያዎቹን ወራት ይተዉት። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ለጋ እምቡጥ ግን አይንኩ። የአበባ ዘንግ ካወጣ ወዲያው ይቁረጡት። የቆየው ቅጠል ጠንከር ስለሚል በስሱ ከትፈው ከለጋው ቀድመው ድስት ውስጥ ይክተቱት።