ጥሬ እየቆረጠሙ ሱባኤ፦ ሰሜን ሸዋ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፍልሰታ ጾም ሲገባ (ከነሐሴ 1 እስከ 15) ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ከሚጎርፈው ሰው ብዙው ሱባኤ ይዞ ይሰነብታል፤ አንዱ 7፣ አንዱ 14፣ አንዱ 21 ቀን። ስንቁ የታወቀ ነው፤ ሽምብራ፣ በሶ፣ ቆሎ። ከዚህም አልፎ "እሳት የነካው አልቀምስም፤ ጥሬ በውሃ ብቻ" ብሎ የሚቆርጥ አለ። አሁን አሁን ደግሞ ሱባኤውን ትተው "ሰውነቴን ላጽዳ" ብለው ያንኑ ምግብ የሚከተሉ ከተሜዎች ተጨምረዋል። የቀኑን ብዛትና የስግደቱን ቁጥር የሚወስነው የንስሐ አባት ስለሆነ እዚያ አንገባም። የምናወራው ስለ ሥጋው ነው። ጤነኛ ሰው ሳምንት ጥሬ ቢቆረጥም አይጎዳም። ሰው የሚታመመው ባልተመረጠ እህል፣ ያለ ጨው በሚጋት ውሃ፣ በብርድና ጾሙ ሲፈታ ነው።

ጥራጥሬ ሁሉ ያው ነው ብሎ መቋጠር

ተነክሮ በጥሬው ለመቆርጠም የሚሆኑት ሽምብራ፣ ምስርና ስንዴ ናቸው። ቦሎቄ ግን በምንም ዓይነት በጥሬው አይበላም፤ በተለይ ቀዩ። አራት አምስት ፍሬ ብቻ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ክፉ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። መርዙ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ መንከር አያጠፋውም፣ ለብ ማድረግ ደግሞ ያባብሰዋል። ቢያንስ 5 ሰዓት ተነክሮ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ከ10 ደቂቃ በላይ መቀቀል አለበት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቦሎቄ ካስፈለገ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይቀቀል አይነካ።

ጓያን ከስንቅ ውስጥ ጨርሶ ያውጡት። እግር የሚያሽመደምደው ንጥረ ነገር በሚበላው መጠንና በቀኑ ርዝመት ልክ ነው የሚጎዳው፤ ሌላ ምግብ ሳይቀላቅሉ ጓያን በየቀኑ መብላት ለዚያ ጉዳት ዋነኛው መንገድ ነው። ዘመዱን ስለሚመስል ከሽምብራ ጋር ተደባልቆ የሚሸጥበትም ጊዜ አለ፤ ጠፍጠፍ ያለና ማዕዘን ያለው ፍሬ ካዩ ይልቀሙት። ተልባ በጥሬው ተወቅጦ ሲበጠበጥ ሳያናይድ የሚለቅ ነገር ስላለው በቀን ከአንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አይለፍ፤ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ተቆልቶ የሚወቀጠውም በከንቱ አይደለም። ድንች በጥሬው አይበላም፤ አረንጓዴ የሆነው ተቀቅሎም አይበላም። የባቄላ እሸት ደህና ነው፤ በልተው ሽንታቸው የሚጠቁር፣ ዓይናቸው ቢጫ የሚሆን ጥቂት ሰዎች ግን አሉ፤ እነሱ ደግመው ሊቀምሱት አይገባም።

ከዓይነቱ በላይ የሚያሳስበው ግን የት እንደቆየ ነው። ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ እህሉ ለዘር የተዘጋጀ እንዳይሆን፤ ምርጥ ዘር በፀረ ሻጋታ መድኃኒት ስለሚለወስ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ይይዛል፤ ታጥቦ ቀለሙ ቢለቅ እንኳ ለምግብ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የነቀዝ ክኒን ተደርጎበት እንደሆነ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ሲያልቅ አመድ የመሰለ ዱቄት ይተዋል። ጆንያው ውስጥ እንዲህ ያለ አመድ ካለ አይግዙ። እህል በክኒን በታጠነበት ጎተራ ወይም ክፍል ውስጥ ማደር ደግሞ ሰው ይገድላል፤ በእንግዳ ብዛት ቦታ ሲጠፋ "እህሉ አጠገብ ተኙ" የሚል ባለቤት ካጋጠመ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

አንዴ ነክሮ ሳምንቱን ሙሉ መብላት

ብዙ ሰው 2 ኪሎ ሽምብራ በአንድ ባልዲ ይነክርና በሦስተኛው ቀን እያሸተተ ይበላዋል። ትክክለኛው አሠራር ጥቂት በጥቂት ነው። ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ ይለኩ፤ ድንጋዩንና የተነቀዘውን ይልቀሙ፤ ሦስት ጊዜ ይጠቡ፤ የእህሉን ሦስት እጥፍ በሚሆን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 12 ሰዓት ይንከሩ። የመንከሪያውን ውሃ ይድፉት፤ የሆድ ንፋት የሚያመጣው ስኳር በከፊል ከዚያ ጋር ይሄዳል። ከዚያ በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ አንጠፍጥፈው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ጧትና ማታ (ሙቀት ካለ ቀትርም) በንጹሕ ውሃ እያለቀለቁ ያንጠፍጥፉ።

ቦታው ልዩነት ያመጣል። በነሐሴ ብርድ መንዝና ጻድቃኔ አካባቢ ሽምብራ ጫፉን ለማውጣት ሦስት አራት ቀን ሊፈልግ ይችላል፤ ወረድ ብሎ በሚሞቀው የሸንኮራ በኩል በሁለተኛው ቀን ያጎነቁላል። ሙቀቱ ሽምብራውን እንደሚያፋጥን ሁሉ ባክቴሪያውንም ያፋጥነዋልና ቆላ ላይ የበቀለውን በዚያው ቀን ጨርሱት። ቡቃያው ከፍሬው ርዝመት ሳይበልጥ ይበላል። ካሟለጨ፣ ከጎመዘዘ ወይም ከሸተተ ይጣል። ብቅል የምታበቅል ጠላ ጠማቂ ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ልዩነቱ የእሷ ብቅል ደርቆ ተፈጭቶ የሚገባው ወደ ጋን ሲሆን የእርስዎ ግን እርጥቡን ወደ ሆድ መግባቱ ነው።

ባክቴሪያው በፍሬው ስንጥቅ ውስጥ ስለሚደበቅ ማጠብ ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ነፍሰ ጡር፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ አቅሙ የደከመ አዛውንት፣ ኤችአይቪ ወይም ካንሰር ያለበት ሰው የበቀለ ጥሬ አይብላ። ለእነሱ ንፍሮ አለ።

ሎሚ ሁሉን ይገድላል ብሎ ማመን

ሰላጣና ጎመን ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ መጭመቅ ጣዕም ይሰጣል እንጂ የወስፋት እንቁላል አይገድልም። ክሎሪንም ለወስፋት እንቁላል እምብዛም ነው። የሚጠቅመው በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ቅጠል በቅጠል ማሸት ነው። ከሁሉ የሚሻለው የሚላጥ ነገር መምረጥ ነው፤ ካሮት፣ ብርቱካን፣ ሙዝ። በከተማ ወንዝ ዳር በመስኖ የበቀለ ቅጠል፣ ፋብሪካና ፍሳሽ ባለበት፣ ለጥሬ ምግብ አይታሰብ።

በጣም ትንሽ መብላት

አንድ እፍኝ ሽምብራ በቀን ምግብ አይሆንም። 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ (ከግማሽ የውሃ ብርጭቆ በጥቂቱ የሚበልጥ) ወደ 360 ካሎሪና 20 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ አዋቂ ሰው በቀን የሚፈልገው ግን 2,000 አካባቢ ነው። የሚሰግድና ገደል የሚወጣ ሰው 200 ግራም ሽምብራ፣ ሁለት ጭብጥ በሶ፣ የደብረ ሲና ቆሎና ፍራፍሬ ቢጨምር ይሻለዋል። በሶና ቆሎ እሳት ያየ ነው የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ስለዚህም ነው ሳይበላሹ የሚቆዩት።

የቡና ራስ ምታትን ከረሃብ ጋር ማምታታት

በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው በአንድ ጧት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ይይዘዋል፤ በሁለተኛው ቀን ይብሳል፤ እስከ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ብዙዎች ሱባኤውን የሚያቋርጡት በዚህ ነው። መድኃኒቱ ከመሄድዎ ሳምንት በፊት ሦስቱን ወደ ሁለት፣ ሁለቱን ወደ አንድ ማውረድ ነው።

ጸበሉን ያለ ልክ መጋት

እዚህ ላይ ዝም ብለን አናልፍም፤ ከሁሉ በላይ ቶሎ የሚጎዳው ይህ ነውና። ኩላሊት በሰዓት ማስወጣት የሚችለው ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም። በባዶ ሆድ፣ ምግቡ ጨው የሌለው ጥሬ ሆኖ፣ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ሊትር ከጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ውሃው ወደ አንጎል ሴሎች ይገባና ያብጣሉ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት ነው፤ ከዚያ ግራ መጋባት፣ መለፍለፍ፣ መንዘፍዘፍ ይከተላል። አደጋው ይህ ሁሉ ጸበል ቦታ ላይ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው መቻሉ ነው። ብዙ ውሃ ጠጥቶ የተንዘፈዘፈ ወይም ሰው መለየት ያቃተው ሰው ተጨማሪ ውሃ አይሰጠው፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይድረስ፤ ጸሎቱ መንገድ ላይም አይቋረጥም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ልኩ ቀላል ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያልበለጠ፣ ምግብ ላይ ደግሞ ቁንጥር ጨው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ ባዶ ውሃ አይተካም። አንድ ከረጢት ለምለም (ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ቅመም፣ ኦ.አር.ኤስ.) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ፤ ካልተገኘ በአንድ ሊትር 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ምንጩ ምንም ንጹሕ ቢሆን ጀሪካኑ ዘይት ወይም ነዳጅ የነበረበት፣ አፉ በእጅ የሚጨለፍ ከሆነ ሆድ ያማል። ጠባብ አፍ ያለው አዲስ ጀሪካን ይያዙ። ለማብሰያና ለማጠቢያ በሚቀዳው የወንዝ ውሃ ላይ ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

መድኃኒት ማቋረጥ

የኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳና የሚጥል በሽታ መድኃኒት አንድ ቀንም አይቋረጥም። ይህን ሐኪሞች ብቻ አይደሉም ያሉት፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። የስኳር ሕመምተኛ ጉዳይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ በተለመደው መጠን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ከጾመ ስኳሩ ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ መደናገር። በዚያ ሰዓት 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም ነው። መጠኑን ሐኪም ሳያስተካክል ግን መሄድ የለበትም። ለሕመምተኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ጾሙ እንደሚቀልላቸው የንስሐ አባትም ያውቃሉና መጠየቅ አያሳፍርም።

ብርዱን መናቅ

ባዶ ሆድ ሙቀት አይሠራም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ተብሎ በነጠላ የሚመጣ ሰው ሌሊቱን እየተንቀጠቀጠ ያድራል፤ በጥቅምትና በኅዳር ከመጣ ደግሞ ውርጭ ይጠብቀዋል። ጋቢ ሁለት፣ ከተገኘ የመንዝ በርኖስ፣ የሱፍ ካልሲና ከጸበል ሲወጡ የሚለበስ ደረቅ ልብስ ያስፈልጋል። ጎሕ ሲቀድ የሚጠመቅ ሰው ሰውነቱን በደንብ አድርቆ ነው ወደ ጸሎት የሚሄደው፤ እርጥቡን ለብሶ መቆም አጉል ጀግንነት ነው። መንቀጥቀጡ ቆሞ አፉ ከተሳሰረ ሰውየው አልተሻለውም፣ ብሶበታል።

ማሞቂያ ብሎ ከሰል በተዘጋ ክፍል ማሳደር ከብርዱ የባሰ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከሰሉ ውጭ ፍም ሆኖ ቢገባም ጋዙን አያቆምም። ከመተኛት በፊት ማውጣት ብቻ ነው መፍትሔው።

ጾሙን በድግስ መፍታት

ነሐሴ 16 ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ዶሮ ወጥ ነው። ሳምንትና ከዚያ በላይ እጅግ ጥቂት የበላ ሰው በአንዴ ብዙ ሲበላ ኢንሱሊን ይነሣል፤ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታስየምና ማግኒዝየም ወደ ሴል ይገባና ደሙ ውስጥ ያንሳል። ከዚህ የልብ ምት መዛባት፣ የእግር ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ይመጣል። ክብደቱ ለቀነሰ፣ ለአዛውንትና 14 ወይም 21 ቀን ለቆየ ሰው አደጋው ይጨምራል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከተለመደው ምግብ ግማሹን፣ በአምስት ስድስት ጊዜ ከፋፍሎ። ቀጭን የአጃ አጥሚት፣ የምስር ሾርባ፣ በደንብ የበሰለ ጎመን፣ ሙዝ፣ ትንሽ እንጀራ። በሦስተኛው ቀን እንቁላልና ወተት፤ ዶሮው በአራተኛው ቢመጣ ይደርሳል። ልብዎ በኃይል ከመታ ወይም እግርዎ ካበጠ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ስንት ቀን እንደጾሙ አስቀድመው ይናገሩ፤ ሐኪሙ ሳይጠይቅ ላይገምተው ይችላል።

ክትፎና ቁርጥ ለሚናፍቅ ደግሞ ከጥሬ እህል ወደ ጥሬ ሥጋ ወዲያው መሻገር ሆድን ከማስጨነቁ በላይ ኮሶ ያመጣል። ሥጋው በደንብ ካልበሰለ፣ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ካልቀዘቀዘ፣ የኮሶው እጭ በሕይወት ይቆያል፤ የተራ ቤት ማቀዝቀዣ የላይኛው ክፍል መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህን አይጠብቅም።