በትንሽ ገንዘብ የኪልዋን ምሽግ ለማየት

ታንዛኒያ ከሄዳችሁ ዛንዚባርን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ከዳሬሰላም ወደ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዛችሁ ኪልዋ ማሶኮ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ውረዱ። መንገዱ ያደክማል፣ ግን ኪስ አይጎዳም።

ምሽጉና የጥንቷ የኪልዋ ከተማ ፍርስራሽ ያለው ከባሕሩ ማዶ፣ ኪልዋ ኪሲዋኒ ደሴት ላይ ነው። መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ካለው የቅርስ ቢሮ ፈቃድ አውጡ። ከዚያ ጀልባ። ባለ ሸራው ከባለ ሞተሩ ይረክሳል፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ማደሪያችሁ ውስጥ ያገኛችኋቸውን ተጓዦች አነጋግራችሁ አብራችሁ ተሻገሩ፣ የጀልባውም የአስጎብኚውም ሒሳብ ይከፋፈላል። ሳትሳፈሩ በፊት ዋጋ ቁረጡ፣ ደርሶ መልስ መሆኑንም አረጋግጡ።

ምሽጉ ገሬዛ ይባላል። ፖርቹጋሎች በ1505 እ.ኤ.አ. ምሽግ በሠሩበት ቦታ ላይ ኦማኖች በ1800 አካባቢ ያቆሙት ነው። ግድግዳውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ድንጋይ የመሰላችሁ ነገር በኖራ የተያያዘ የባሕር ኮራል (የጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጽም) ነው፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ዛሬም በዓይን ይታያሉ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። በባሕሩ በኩል ማዕበል በልቶት የፈረሰ ጎን አለ፣ ስለዚህ እባካችሁ ግድግዳው ላይ አትውጡ።

በጠዋት ሂዱ፣ ፀሐዩ አይቻልም። ውኃና ኮፍያ ያዙ። የደሴቱ ነዋሪዎች ሙስሊሞች ናቸውና ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ጊዜ ከተረፋችሁ ታላቁን መስጊድ ሳታዩ አትመለሱ፤ ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 እ.ኤ.አ. ኪልዋ ሲደርስ ከተማዋ በወርቅ ንግድ የከበረች ነበረች።