በጎንደር ትንሽ የሙዚቃ ቤት የሮክ ምሽት ለማዘጋጀት

በጎንደር ጠባብ የሙዚቃ ቤት ውስጥ የራሳቸውን የሮክ ሥራ ለሚያቀርቡ ወጣቶች ምሽት ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን ይምረጥ። 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ለዚህ አይመችም፤ ጥር 11 የሚከበረው ጥምቀትም እንግዳ ቢያበዛ ከተማው በበዓሉ ስለሚያዝ፣ እኔ ከበዓሉ ሳምንት በኋላ ያለውን ቅዳሜ እመርጣለሁ።

ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ድምፁ ነው። ማይክሮፎን ከስፒከር ፊት ከቆመ የራሱን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ ይጮኻል፤ ስለዚህ ስፒከሮቹን ከዘፋኙና ከማይክሮፎኑ ወደፊት አቁሞ ወደ ታዳሚው ማዞር ይገባል። በጠባብ ክፍል ድራም ያለ ማይክሮፎን ይበቃል፤ የጊታሩ ማጉያም በድራሙ ልክ ይመጠን፣ ከዚያ ካለፈ የዘፋኙን ቃል ይውጠዋልና። መሲንቆ ከተጨመረ፣ እንዲጨመርም አጥብቄ እሻለሁ፣ ብቸኛዋ የፈረስ ጭራ ክሯ በክፍሉ ወበቅ ልትላላ ስለምትችል፣ ጊታሩና መሲንቆው በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት ከመነሳታቸው በፊት እንደገና ይናበቡ።

መብራት ቢጠፋ ያለ ማጉያ የሚቀርብ አንድ ዜማ ይዘጋጅ። የመግቢያው ገንዘብ ለተጫዋቾቹ እንዴት እንደሚከፈል ከቤቱ ባለቤት ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር።