መዳብና አልሙኒየም ስንቆርጥ የሌዘር ሶርሱ እንዳይቃጠል

ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባሉ ወርክሾፖች ላሜራ ሲቆርጥ በከረመ ፋይበር ሌዘር (ጨረሩ በቀጭን የመስታወት ክር፣ በፋይበር፣ የሚመጣ መቁረጫ) ላይ አንድ ቀን የመዳብ ባስባር (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ዘንግ) ሥራ ይመጣል። ክፍያው ደህና ነው፤ ማሽኑ ግን የሚፈተነው እዚህ ጋ ነው።

ቀዝቃዛ መዳብ የፋይበር ሌዘርን ጨረር ከ95 በመቶ በላይ መልሶ ይረጨዋል። አልሙኒየምና ናስም ብዙ አይሻሉም። ቀጥ ብሎ የተመለሰው ጨረር በኖዝሉ (ጨረሩና ጋዙ በሚወጡበት ጫፍ) እና በሌንሱ በኩል ፋይበሩ ውስጥ ይገባና የኬብሉን ጫፍ፣ አልፎም ሶርሱ (ጨረሩን የሚያመነጨው ክፍል) ውስጥ ያሉትን ብርሃን ሰጪ ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል። ብረቱ ሲቀልጥ ጨረሩን መምጠጥ ይጀምራል፤ ከተበሳ ደግሞ ጨረሩ ወደ ታች ያልፋል። አስጊው ጊዜ እንግዲህ ሲበሳና መሃል ላይ መቁረጡን ሲያቆም ነው።

መጀመሪያ የሶርሱን ማንዋል ይዩ። ለተመላሽ ጨረር መከላከያ ከሌለው መዳብ አይቀበሉ። ካለው ኃይሉን ቀንሶ “ቀስ እያልኩ ልብሳው” ማለት አይሠራም፤ ደካማ ጨረር ሳያቀልጥ ይንጸባረቃል ብቻ። በሙሉ ኃይል፣ በአጫጭር ምት ይብሱ። ፍጥነቱንም ማሽኑ ከሚችለው ጣሪያ 10 በመቶ ያህል ዝቅ ያድርጉ። ለአልሙኒየም ናይትሮጅን፣ ለመዳብ ኦክስጅን ይጠቀሙ፤ ኦክስጅኑ ፊቱን ስለሚያጠቁረው ጨረሩን ይቀበላል። በማርከር መቀባት የሚመክሩ አሉ፤ ቀለሙ ወዲያው ይተንና መብሳቱ ካልተሳካ የሚከላከለው ነገር የለም።

የእሳቱ ብልጭታ ከታች መውጣቱን ትቶ ወደ ላይ ከተረጨ ወዲያው ያቁሙ። አላርሙን እየሰረዙ መቀጠል ሶርስ ይገድላል። መብራት ሄዶ ሲመጣም መስመሩን ከመሃል አይቀጥሉ፤ የጋዙን ግፊት አይተው በቁራጭ ላይ ይሞክሩ።

ሌንሱን ከብልጭታ የሚጠብቀውን የመከላከያ መስታወት በየቀኑ በስልክ መብራት አጋድመው ይዩት። የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ካለች ይቀይሩት፤ ነጥቧ ጨረር እየመጠጠች ትግልና መስታወቱን ትሰነጥቃለች። አቧራ ብቻ ከሆነ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጥጥ ከመሃል ወደ ዳር አንዴ ይጥረጉ። የእጅ ሳኒታይዘር ውኃና ግሊሰሪን ስላለበት አይሆንም። መስታወቱ ሲወጣ ክፍቱን ወዲያው በንጹሕ ቴፕ ይዝጉ፤ የበጋው አቧራ እስኪጨርሱ አይጠብቅም።

ለዓይን፦ ይህ ጨረር አይታይም፣ ዓይን አያስጨፍንም፣ በቀጥታ የዓይኑን ውስጠኛ ግድግዳ ያቃጥላል። ከመዳብ ላይ ተንጸባርቆ የመጣውም ያው ነው። የምትታየው ቀይ ነጥብ መጠቆሚያ ብቻ ናት። 1070 ናኖሜትር (የጨረሩ የሞገድ ርዝመት) እና “ኦዲ 6+” (OD፣ ጨረሩን የመከልከል አቅም) የተጻፈበት መነጽር ይግዙ። የብየዳ መነጽርም ሆነ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የተሠራው አይተካውም። ክፍት ማሽን ወይም በእጅ የሚያዝ የሌዘር ብየዳ ካለ፣ መነጽሩ ሻይ ይዞ ለሚገባውም ሰው ጭምር ነው።