ያልዘመቱ አውሮፕላኖችን ወደ ሲሙሌተር ስንጨምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለውጊያ በረራ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ለሚያበሩበት ጨዋታ) አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ልባቸው ወደ ብርቅዬዎቹ ያደላል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ ተዋጊ አውሮፕላኖች ስፒትፋየርና ሜሰርሽሚት 109 ተደጋግመው ተሠርተዋል። ጥቂት ጊዜ ብቻ በርረው የቀሩት፣ ወይም ገና ከፋብሪካ ሳይወጡ ጦርነቱ ያበቃባቸው ግን ሌላ ጉጉት ያሳድራሉ። እኔም የምወዳቸው እነዚህኑ ነው፤ በግዴለሽነት ተሠርተው ሳይ የሚቆጨኝም ለዚህ ነው። የስፒትፋየር ሞዴል ቢበላሽ ስህተቱን የሚያጋልጡ ብዙ ሌሎች ሞዴሎች አሉ። ብዙም የማይታወቀው የጃፓን ተዋጊ የሺንደን ሞዴል ቢበላሽ ግን አብዛኛው ተጫዋች በሕይወቱ የሚያውቀው ሺንደን ያ የተበላሸው ብቻ ይሆናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች ናቸው። ዓመታቱና ወሮቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታቀደውን ፍጥነት እንደ ተለካ ፍጥነት መውሰድ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ የሌሎቹም ስህተቶች ምንጭ እርሱ ነው። የጃፓኑን ኪዩሹ ጄ7ደብሊው ሺንደን እንውሰድ። ፕሮፔለሩ ከኋላ፣ ትንሹ ክንፍ ከፊት የሆነ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። በየሠንጠረዡ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 750 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። ይህ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ግን ኦገስት 3 ቀን 1945 ነው፤ ጃፓን እጅ ልትሰጥ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀራትም ነበር። በጠቅላላው ሦስት አጫጭር በረራዎች አደረገ፤ ሦስቱ ቢደመሩ 45 ደቂቃ ያህል ናቸው። በእነዚህ በረራዎች የማረፊያ ጎማዎቹ አንድም ጊዜ አልታጠፉም። ሊያስታጥቁት ያሰቧቸው አራት ባለ 30 ሚሊ ሜትር መድፎችም በአየር ላይ አልተሞከሩም። እንግዲህ 750 የሚለው ቁጥር መሐንዲሶቹ ተስፋ ያደረጉት እንጂ መሣሪያ ያነበበው አይደለም። ይህን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ሲሙሌተር ውስጥ መጻፍ «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያረሱ ጎተራ» የሚባለው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የቅርብ ዘመዱን መፈለግ ነው። አሜሪካኖች ኤክስፒ-55 አሴንደር የተባለ፣ እንደ ሺንደን ፕሮፔለሩ ከኋላ፣ ትንሹ ክንፍ ከፊት የሆነ ተዋጊ በ1943 አብርረው በደንብ ፈትሸውታል። ሲነደፍ የታሰበለት ሞተር ሥራው ተሰርዞ ቀረ፤ በምትኩ አሊሰን ቪ-1710 ተገጠመለትና ውጤቱ ከተጠበቀው በታች ሆነ። ከዚህም በላይ የሚያስተምረው አወዳደቁ ነው። በኖቬምበር 1943 የመጀመሪያው ናሙና ፍጥነቱ ቀንሶ ክንፉ የማንሣት ኃይሉን ሲያጣ ምን እንደሚሆን እየተፈተሸ ሳለ በጀርባው ተገለበጠ፤ ቀና ማለት አቅቶትም ሺህ ሜትሮችን ቁልቁል ወረደ። አብራሪው በፓራሹት ዘሎ ተረፈ። ትንሹ ክንፍ ከፊት የሆነበት አውሮፕላን የማንሣት ኃይሉን ሲያጣ ምን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም። ሺንደን ልክ እንደዚያው ይወድቅ ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን በጠባብ ዙሪያ ሲታጠፍ ምንም የማይነካው የሺንደን ሞዴል ካየሁ፣ ሠሪው ይህን ታሪክ እንዳላነበበ አውቃለሁ።

ሞተሩን ሁልጊዜ ጤነኛ አድርጎ መቁጠር

ጀርመናውያኑ የሆርተን ወንድማማቾች የሠሩት ጭራ የሌለው ጄት፣ ሆ 229፣ ለሞዴል ሠሪዎች እንደ ጣዖት ነው። ለእርሱም በሰዓት 977 ኪሎ ሜትር የሚል የወረቀት ቁጥር ተሰጥቶታል። በጄት ሞተር የበረረው ናሙና በፌብሩዋሪ 1945 በኦራኒየንቡርግ አየር ላይ ወጣ፤ በዚያው ወር 18ኛ ቀን አንዱ ሞተር ጠፍቶበት ተከሰከሰና አብራሪው ኤርቪን ሲለር ሞተ። ስለዚህ ከዚህ አውሮፕላን የበረራ ታሪክ በእርግጠኝነት የምናውቀው ትልቁ ነገር የሞተር ብልሽት ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ የማይገኘውም ይኸው ነው።

የተገጠመለት ዩሞ 004 ሞተር ነበር። ኒኬልና ክሮም በጠፋበት ዘመን የተሠራ በመሆኑ ዕድሜው ከ10 እስከ 25 ሰዓት ብቻ ነበር። አብራሪው የጋዝ እጀታውን በችኮላ ከገፋው ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ወይም እሳቱ ይጠፋል። ስለዚህ በዚሁ ሞተር የሚበረውን የጀርመን ጄት ሜሰርሽሚት 262ን የሚያበሩ ሰዎች እጀታውን ቀስ በቀስ መግፋት የግድ ነበረባቸው። ለማረፍ ተቃርቦ ፍጥነቱን የቀነሰ ጄት በጠላት እጅ ቀላል ኢላማ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ በቶሎ ፍጥነት ሊያገኝ አይችልም። በሲሙሌተር ላይ ይህን ስታስገቡ ተጫዋቹ ያጉረመርማል። ያጉረምርም። እጀታውን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከመጨረሻ እስከ መጨረሻ ገፍቶ ሞተሩ የሚታዘዝለት ከሆነ፣ የሚያበረው የ1945ን ጄት ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።

ይህ የተሸነፉት አገሮች ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካው ጄት ፒ-80 ላይ የነዳጅ ፓምፕ ብልሽት የሎክሂድን የሙከራ አብራሪ ማይሎ በርከምን በኦክቶበር 1944፣ ዝነኛውን ተዋጊ አብራሪ ሪቻርድ ቦንግን ደግሞ በኦገስት 1945 ገድሏል።

ሙጫውን መርሳት

የጀርመኑ ጄት ሃይንከል 162 በዲሴምበር 6 ቀን 1944 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ከአራት ቀን በኋላ ባለሥልጣናት ተሰብስበው እያዩት፣ ዝቅ ብሎ በከፍተኛ ፍጥነት ሲያልፍ የክንፉ የፊት ጠርዝ ተገሽልጦ ወጣና አብራሪው ጎትሆልድ ፔተር ሞተ። ክንፉ ከእንጨት የተሠራ ነበር። የተሻለውን ማጣበቂያ የሚያመርተው ፋብሪካ በቦምብ በመመታቱ ምትክ ሙጫ ተጠቀሙ፤ ያ ሙጫ ደግሞ አሲድነቱ እንጨቱን ይበላው ነበር። ሞዴል ሠሪው የክንፉን ጥንካሬ የሚወስነውን ቁጥር ሲጽፍ የዚያን ክረምት ጀርመን ማሰብ አለበት፤ ቦምብ የወደቀበትን ፋብሪካ፣ በጥድፊያ የሚሠራውን ሠራተኛ። ሥዕሉ ላይ ያለው ክንፍና ከፋብሪካ የወጣው ክንፍ አንድ አይደሉም።

ፕሮፓጋንዳን እንደ ማስረጃ መቀበል

በ1940 ጀርመኖች ጥቂት ብቻ የተሠራውን ሃይንከል 100ን የተለያዩ የሐሰት የጓድ ምልክቶች እየቀቡ ፎቶግራፍ አነሡት፤ «ሃይንከል 113» የሚባል አዲስ ተዋጊ በብዛት ሥራ ላይ የዋለ ለማስመሰል ነበር። ብሪታንያውያን አመኑ። በብሪታንያ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያ የተሳተፉ አብራሪዎችም ከዚህ አውሮፕላን ጋር እንደ ተዋጉ በቅን ልቦና ሪፖርት አደረጉ። የሌለን አውሮፕላን ተዋግተናል አሉ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሞዴል ሠሪ ተነሥቶ ያንኑ ፎቶግራፍ ይዞ፣ የዚያን ጓድ ምልክት በጥንቃቄ ገልብጦ «ታሪካዊ ቀለም» ብሎ ያቀርባል። የአብራሪዎቹ ሪፖርትም እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ማንኛውም ፎቶግራፍ ማን አነሣው፣ ለምን አነሣው፣ ለማን ታየ ተብሎ መጠየቅ አለበት። በዚያ ቀለም መሥራት ክልክል አይደለም፤ ለማታለል የተቀባ መሆኑን ግን አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል።

የሌላውን አውሮፕላን የበረራ ባሕርይ ማልበስ

የጃፓኑ ጄት ናካጂማ ኪካ ከሩቅ ሲታይ ሜሰርሽሚት 262ን ይመስላል። ጊዜ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሠሪ የ262ን የበረራ ፋይል ይወስድና ጥቂት ቁጥሮችን ቀይሮ ይገላገላል። ኪካ ግን በጣም ያነሰ አውሮፕላን ነው። ኔ-20 የተባለው ሞተሩ የሚገፋው 475 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን የዩሞ 004 ደግሞ 900 ገደማ ነበር። ሥራውም መርከቦችን በቦምብ መምታት እንጂ ቦምብ ጣዮችን ማሳደድ አልነበረም። ኦገስት 7 ቀን 1945 አንድ ጊዜ በረረ። ከአራት ቀን በኋላ በሁለተኛው ሙከራ ለመነሻ የሚረዱት ሮኬቶች በትክክል ባለመገጠማቸው መነሣት አቅቶት ከመንደርደሪያው አልፎ ወጣ። መነሻው ላይ እንዲህ የሚቸገር አውሮፕላን ሲሙሌተር ውስጥ ከአጭር ሜዳ እንደ ወፍ ብድግ ሲል ማየት ያሳዝናል።

ኮክፒቱን (የአብራሪውን ክፍል) በግምት መሙላት

በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ሙዚየም ሂዱ፣ ወይም የሙዚየም ፎቶግራፎችን ፈልጉ። ከፊትም ከኋላም ፕሮፔለር ያለው የጀርመን ተዋጊ፣ ብቸኛው የቀረው ዶርኒየር 335፣ አሜሪካ ውስጥ በስሚዝሶኒያን ይገኛል። በ1970ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሲታደስ፣ አብራሪው ለመዝለል ሲፈልግ የኋላውን ፕሮፔለርና የላይኛውን ጭራ የሚያስወነጭፉት ፈንጂዎች ከ30 ዓመት በኋላም በቦታቸው እንዳሉ ተገኝተዋል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ሥዕል አይነግራችሁም። ሆኖም የታደሰ አውሮፕላን ቀለሙም መሣሪያዎቹም የተለወጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ከመታደሱ በፊት የተነሡ ፎቶግራፎች ይበልጣሉ።

በባሕር ጠረፍ ብቻ መፈተሽና መሣሪያ መደርደር

የእኛዋን ፀሐይን ላንሣ። በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት በአዲስ አበባ ተሠርታ በ1935 መጨረሻ የበረረች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ቀላል ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ናት። ጣሊያኖች ወስደዋት ለብዙ ዓመታት በሙዚየማቸው ከቆየች በኋላ በጃንዋሪ 2024 ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ይህችን አውሮፕላን በሲሙሌተር ላይ ለማየት የሚመኝ ወጣት ብዙ ነው፤ እኔም እመኛለሁ። የሚያስፈራኝ በክንፏ ላይ መትረየስ የሚደረድርላት ሰው መምጣቱ ነው። ፀሐይ አልተዋጋችም። በዚያ በከፋ ጊዜ አገራችን ውስጥ መሠራቷ ራሱ በቂ ክብር ነውና የሐሰት ጀብዱ አያስፈልጋትም።

የቴክኒኩም ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር የሚያምቅ መሣሪያ የሌለው ትንሽ ሞተር በዚያው መጠን ይደክማል፤ ክንፉም ያነሰ ይሸከማል፤ ፕሮፔለሩም እንዲሁ። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መነሻው መርዘም፣ ሽቅብ መውጣቱም መዘግየት አለበት። ሞዴሉን በባሕር ጠረፍ ካርታ ላይ ብቻ ፈትሾ «ተጠናቋል» ማለት ለዚህች አውሮፕላን አይሠራም። በማለዳም በቀትርም፣ በሙሉ ነዳጅና በግማሽ ነዳጅ፣ ከደጋው ሜዳ ተነሥቶ መፈተሽ ይገባል።

በተልእኮ ውስጥ ማብዛት

በ1945 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ወደ አውሮፓ የላከቻቸው ፒ-80 ጄቶች አራት ናቸው፤ ሁለቱ ወደ ብሪታንያ፣ ሁለቱ ወደ ጣሊያን። ከጠላት አውሮፕላን ጋር አልተገናኙም፤ ብሪታንያ ከነበሩት አንዱ በጃንዋሪ ተከስክሶ አብራሪው ሞቷል። በአንድ ተልእኮ ውስጥ 16 ፒ-80 አሰልፎ በርሊን ላይ መላክ ይህን ታሪክ መፋቅ ነው። ነዳጅንም አስቡ፤ ሃይንከል 162 በአየር ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ያህል ስለነበር፣ የጦር ሜዳው ከመነሻው 20 ደቂቃ የሚርቅ ከሆነ ተመላሽ አይኖርም።

ምን እንደሆነ ሳይገልጹ ማቅረብ

በ2006 የወጣው «ኢል-2 ስቱርሞቪክ፡ 1946» የተባለ ሲሙሌተር ጨርሶ ያልተሠሩ የጀርመን አውሮፕላኖችን፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚነሣውን ሃይንከል ሌርኬን እና ጄቱን ፎከ-ቩልፍ ታ 183ን፣ አካትቷል። ማንም ሰው አልተታለለም፤ ዓመቱ ርዕሱ ላይ ስላለ «ጦርነቱ ቢቀጥል ኖሮ» የሚል ግምት መሆኑ ግልጽ ነበር። ግምት መሥራት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ነውሩ ግምቱን ከተለካው ጋር ቀላቅሎ ማቅረብ ነው። ከሞዴሉ ጋር በሚወጣው የመግለጫ ጽሑፍ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዋና ቁጥር አንድ መስመር ስጡት፤ ይህ በበረራ ተለክቷል፣ ይህ የፋብሪካው ዕቅድ ነው፣ ይህ ከሌላ አውሮፕላን ተነሥቼ የገመትኩት ነው በሉ። የመጨረሻው ዓይነት ከበዛ አውሮፕላኑን በግምታዊዎቹ መደብ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሌላ ሰው የተሻለ ሰነድ ሲያገኝም የትኛውን ቁጥር መቀየር እንዳለበት ከዚያው ያውቃል።