የመሥሪያ ቤት ዕውቀት በቴሌግራም ግሩፕ እንዳይቀበር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአገራችን ባሉ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ልምድ ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ የሚተላለፈው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጎግል ዶክስንና ጎግል ድራይቭን የሚጨምሩም አሉ። መሣሪያ አልጠፋም፤ የጠፋው ዕውቀቱ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚጠብቀው የሚወስን ሰው ነው። ቀጥለው የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ቻትን እንደ መዝገብ ቤት መቁጠር። ጥያቄ በግሩፑ ይነሣል፤ የሚያውቅ ሰው ይመልሳል፤ መልሱም በበዓል መልካም ምኞት፣ በሐዘን መግለጫና በተደጋጋሚ «እሺ» ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ከወራት በኋላ የተቀጠረ ባልደረባ ያንኑ ሲጠይቅ «ከላይ ፈልግ» ይባላል። በአማርኛ መፈለግ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዱ «ሠራተኛ»፣ ሌላው «ሰራተኛ» ብሎ ይጽፋል፣ ሦስተኛው አማርኛውን በላቲን ፊደል ያሰፍራል፤ ፍለጋው ግን የሚያየው የተጻፈውን ፊደል እንጂ ድምፁን አይደለም። በስልክ ካሜራ ተነሥቶ የተላከ ደብዳቤማ በቃል ፍለጋ ጭራሽ አይገኝም። ስለዚህ ጥያቄው በቻት ይነሣ፤ መልሱን ግን በስም የተመደበ አንድ ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ወደ ጋራ ሰነድ ያስገባው፣ የሰነዱም ሊንክ በግሩፑ አናት ላይ ፒን ይደረግ። የርዕሶች አጻጻፍም አስቀድሞ አንድ ወጥ እንዲሆን ስምምነት ያስፈልጋል።

አንድን ሰነድ በብዙ ቅጂ ማዘዋወር። የወርድ ፋይል በግሩፕ ሲላክ እያንዳንዱ ተቀባይ የራሱን ቅጂ ያርማል፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» የሚባሉ ፋይሎችም ይፈለፈላሉ። በጎግል ዶክስ ግን ሁሉም በአንዱ ሰነድ ላይ ይሠራል፤ የለውጥ ታሪኩም ማን ምን እንደቀየረ ያሳያል፣ የቀደመውንም ቅጂ ይመልሳል። የሰው ጽሑፍ እንዳያበላሹ ፈርተው ሰነዱን የማይነኩ ሠራተኞች ይህን ቢያውቁ ፍርሃታቸው ይቀል ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ፋይል በግል አካውንት ማስቀመጥ። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ የክሊራንስ ቅጹ ላፕቶፑን፣ ቁልፉንና ወንበሩን ይጠይቃል፤ ለዓመታት የተሰበሰበው ፎልደር በማን ጂሜይል እንደተከፈተ ግን የሚጠይቅ የለም። ባለቤቱ አካውንቱን ከዘጋ ፋይሎቹ ከሌሎችም እጅ ይጠፋሉ፤ ጎግልም ለ2 ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በደንቡ አስፍሯል። በተቋም ስም የሚከፈት የጋራ ድራይቭ ውስጥ ያለ ፋይል ግን ንብረትነቱ የተቋሙ ስለሆነ ሰው ቢለቅም ይቆያል። ለዚህ ክፍያ አቅም የሌለው ቢሮ ቢያንስ የፋይል ባለቤትነትን ማስተላለፍ በርክክብ ቅጹ ላይ አንድ መስመር አድርጎ ይጨምር።

ግሩፑን የትእዛዝ ማስተላለፊያ ብቻ ማድረግ። አለቃ ባለበት ግሩፕ «ይህን አላወቅሁም» ብሎ መጻፍ ለብዙዎች ከባድ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው በግል መልእክት ይሄዳል፣ መልሱም ለአንድ ሰው ብቻ ይጠቅማል። ማበረታቻ ንግግር ብዙ አይለውጥም። የሚለውጠው ኃላፊው ራሱ በግሩፑ ሲጠይቅ፣ የመለሰለትንም ሰው በስሙ ሲያመሰግን፣ እንዲህ ያለውም አስተዋጽኦ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲታሰብ ነው። ዕውቀቱን ቢያካፍል ተፈላጊነቱን የሚያጣ የሚመስለው ነባር ሠራተኛም የሚለዝበው በዚህ መንገድ ነው።

የማይጋራውን ማጋራት። የደንበኛ መታወቂያ፣ የታካሚ የምርመራ ውጤት ወይም የደመወዝ ዝርዝር በግሩፕ መለጠፍ፣ ፋይሉንም ሊንኩ ላለው ሁሉ ክፍት አድርጎ መተው የተለመደ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዮቹ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ፣ አይደለም፤ ከግሩፑ ያልወጣ የቀድሞ ባልደረባም ሁሉንም ያነባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ ነገሩ በሕግ ጭምር ያስጠይቃል።

በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ መንጠልጠል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ፌስቡክ በኢትዮጵያ ተገድበው ለወራት ቆይተዋል። ዋና ዋናዎቹ መመሪያዎችና የጥያቄና መልስ ሰነዱ በየጊዜው ወርደው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጡ፣ በየቀኑ የሚያስፈልጉትም ታትመው በፋይል ቢያዙ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀንም ሥራው አይቆምም።