የቤታችንን ትምህርት የሚመሩ እሴቶችን እንዴት እንደለየን

ደብረ ማርቆስ አጠገብ በምንኖርበት ቀበሌ ልጆቻችንን በቤት ማስተማር ከጀመርን ወዲህ፣ እኔ ለሒሳብ፣ ባለቤቴ ለንባብ እያደላን በየማለዳው እንከራከር ነበር፤ የጋራ መለኪያ አልነበረንም።

መፍትሔውን ያገኘነው፣ ልጆቹ ከቤት ሲወጡ ምን ዓይነት ሰው ሆነው ማየት እንደምንሻ ለየብቻችን ጽፈን ወረቀቶቹን ካስተያየን በኋላ፣ የቀኑን መርሐ ግብር በተግባር የማይለውጠውን እሴት ሁሉ በመሰረዝ ነው። «ትጋት»ን የመሰለ መልካም ቃል እንኳ በዚህ ወደቀ። የቀሩት እውነተኝነት፣ በራስ ማሰብና ለጎረቤት መድረስ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን በራስ ማሰብ ነው። በጎጃም ባሉት በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ጀማሪው ተማሪ ጉባኤ ቃና የተባለውን ባለ ሁለት ቤት (ባለ ሁለት ስንኝ) ቅኔ ራሱ ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል እንጂ የሌላውን ቃል በመድገም አይመሰገንም፤ ይህ የአገራችን ሥርዓት ለሒሳብም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ታናሿ ልጃችን ክፍልፋይ ስትማር እንጀራውን ለአራት ቆርሳ፣ ሁለቱ ቁራሽ ስለምን ግማሽ እንደሚሆን ታስረዳለች፤ መልሱን የምንቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። ለጎረቤት መድረስም እሴታችን ስለሆነ፣ በኅዳር የጤፍ አጨዳ ወንፈል ሲጠራ ትምህርቱ ወደ ማታ ይዛወራል።

አሁን አዲስ መጽሐፍ ከመግዛታችን በፊት ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያገለግል እንጠያየቃለን፤ መልስ ካጣን አንገዛውም።